የሰማይ ላም አረባብ

የከሰረ መንግሥት ኪሳራውን ይደብቃል። ይኼ ተራ ሙያ ነው፣ የትም አገር አለ። ኪሳራውን ሳይደብቅ፣ ስሙን ብቻ ለውጦ፣ በአስቀማጩ ደብተር ላይ ሀብት አስመስሎ ዓመታት ማኖር ግን ሌላ ደረጃ ነው፤ በዚህ ሊባኖስን የሚያህል አላየንም። እጃቸው ይባረክ! እኛ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለን በተረት የተውነውን ቤይሩቶች በማዕከላዊ ባንክ መመሪያ፣ ቁጥር ሰጥተው አረቡት። አረባቡን መማር ለሚፈልግ እነሆ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ቁጥር ይቸነከራል፦ 1,507.5። ከ1997 መጨረሻ አንስቶ አንድ ዶላር ይህን ያህል የሊባኖስ ሊራ ነበር። ጦርነት ቢመጣ፣ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ከ2014 እስከ 2016 ለ29 ወር ባዶውን ቢቀመጥ፣ በ2015 የቤይሩት ቆሻሻ መንገድ ላይ ቢከመር ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ነጥብ አምስቷን ልብ በሉልኝ። እስከ ግማሽ ሊራ የተጠነቀቀ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የላሟ መኖ ዶላር ነው። አገሩ ከሚሸጠው የሚገዛው እጅግ ስለሚበልጥ ዶላሩ ከውጭ መምጣት አለበት፤ የሚያመጡትም በባሕረ ሰላጤው፣ በምዕራብ አፍሪካና በላቲን አሜሪካ የሚሠሩ ሊባኖሳውያን ናቸው። ባንኮቹ ጥሩ ወለድ እየከፈሉ ገንዘባቸውን ይሰበስባሉ፣ ከሰበሰቡት ብዙውን ማዕከላዊ ባንክ ዘንድ ያስቀምጣሉ። ማዕከላዊ ባንኩ ደግሞ ለነዳጅና ለስንዴ ያወጣዋል፣ ቁጥሯን ይደግፍበታል፣ ለመንግሥት ያበድራል። መንግሥትስ? ከ2005 እስከ 2017 በፓርላማ የጸደቀ በጀት ሳይኖረው የኖረ መንግሥት ነው፤ የት አወጣኸው ተብሎ ሊጠየቅ አይችልም። ከዋና ዋና በላተኞቹ አንዱ የመብራት ድርጅቱ ነበር፤ ታሪፉ በ1994 ተተምኖ እስከ 2022 ኅዳር ድረስ ሳይነካ ቆየ። ነዳጅ በእጥፍ ድርብ ሲወደድ ክፍያው ያው፣ መብራቱም በቀን ጥቂት ሰዓት። የቀረውን ሰዓት ሕዝቡ ከሰፈር ጄኔሬተር ባለቤት በአምፔር እየተኮናተረ ይገዛል። ለአንድ አምፖል ሁለት ጊዜ መክፈል፣ ይህም ሙያ ነው።

ዕቁብ የጣለ ሰው የጎደለው ወዲያው ይታየዋል። ዕቁብ አባላቱ የተቆጠሩ ናቸው፣ የሚያልቅበት ሳምንትም ይታወቃል፣ ዳኛው ደግሞ ብሩን ለጎረቤት አያበድርም። የቤይሩቱ ግን የሚሄደው አዲስ ገቢ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ቢሆንም ሲያምር ያምራል፤ ከ1993 እስከ 2023 ለ30 ዓመት የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ የነበሩትን ሪያድ ሳላሜን ዩሮመኒ የተባለው መጽሔት በ2006 የዓለም ምርጥ የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ብሎ ሸልሟቸው ነበር። በ2024 መስከረም ታሰሩ። እርሳቸው ጥፋት የለብኝም ይላሉ፤ መጽሔቱም ሽልማቴን መልሱ ሲል አልሰማንም።

የሶርያ ጦርነት ሲመጣ፣ ከ2014 ወዲህም የነዳጅ ዋጋ ወርዶ የባሕረ ሰላጤው ገቢ ሲሳሳ መኖው ቀነሰ። ሌላ አገር ቢሆን ይኼኔ ወጪ ይቀነሳል፣ ቁጥሯም ቀስ እያለች ትለቀቃለች። ቤይሩት ግን በ2016 «የፋይናንስ ምሕንድስና» አመጣች። ሲፈታ እንዲህ ነው፦ ባንኮች አዲስ ዶላር ለማዕከላዊ ባንኩ ያስገባሉ፤ ማዕከላዊ ባንኩም በምላሹ የያዙትን በሊራ የተጻፈ የመንግሥት ዕዳ ሰነድ በማይገኝ ዋጋ ይገዛቸዋል። ባንኮቹ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ትርፍ ጻፉ፣ ለትልልቅ አስቀማጮችም ከ10 በመቶ በላይ ወለድ እስከ መስጠት ደረሱ። ማዕከላዊ ባንኩ በበኩሉ ኪሳራውን ከሀብት ወገን መዘገበ፤ ወደፊት ገንዘብ አትሜ ከማገኘው ጥቅም ይተካል ብሎ። ያልተወለደ ጥጃ ደብተር ላይ ወተት ሰጠ ማለት ነው። የዓለም ባንክ በ2022 ነገሩን ፖንዚ፣ ማለትም የቀደመውን በአዲስ ገቢ ገንዘብ የሚከፍል ማጭበርበር፣ ብሎ ሰደበው። ምቀኝነት ነው።

በ2019 ጥቅምት መንግሥት በዋትስአፕ ጥሪ ላይ በወር 6 ዶላር ገደማ ሊጥል ሲል ሕዝቡ መንገድ ወጣ፤ ባንኮቹም ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። ሲከፈቱ ዶላር በሳምንት ጥቂት መቶ ብቻ፣ ቆይቶም ጭራሽ የለም ሆነ። ገንዘብ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ግን አልወጣም። ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ሕግ ቢወጣ ለሁሉም እኩል ይሆን ነበር፤ ሕግ ከሌለ የባንኩን ሥራ አስኪያጅ የሚያውቅ ሰው ዶላሩን ስዊዘርላንድ ይልካል፣ የማያውቀው ደግሞ ወረፋ ይይዛል።

በ2020 መጋቢት መንግሥት የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሳይከፍል ቀረ፤ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ላሟ በሁለት የተከፈለችው። በሚያዝያ የወጣው መመሪያ 150 አዲስ ከውጭ የሚገባው ዶላር በነጻ ይወጣል አለ፤ ስሙም ፍሬሽ ዶላር ተባለ፣ እንደ ጁስ። የዚያው ወር መመሪያ 151 ደግሞ የድሮው ዶላር በሊራ ብቻ፣ ባንኩ በቆረጠው ዋጋ ይከፈላል አለ። ሕዝቡ ይህኛውን ዶላር «ሎላር»፣ የሊባኖስ ዶላር፣ አለው። በመስኮቱ የቆመው ሰው 10,000 ዶላር አለው እንበል። ገንዘብ ያዡ በተቆረጠው ዋጋ፣ በ3,900፣ ያባዛና 39 ሚሊዮን ሊራ ይቆጥርለታል። በ2021 መጋቢት ከባንኩ ውጭ ያለው ጥቁር ገበያ 15,000 ስለነበር በእጁ የገባው 2,600 ዶላር ነው። 7,400ው የት ሄደ? ማንም አልወሰደውም፣ ማንም አልከሰረም፤ የምንዛሪ ልዩነት ነው። ተቆረጠብህ የሚል ወረቀት የለም፣ ስለዚህ የሚከሰስ ሰውም የለም። ቼክ ስጡኝ ቢል በደስታ ይጽፉለታል፣ ሙሉውን 10,000። ገበያ ወስዶ ሲሸጠው ግን ሩቡን ካገኘ ዕድለኛ ነው።

በ2021 መመሪያ 158 መጣ፦ በወር 400 ዶላር በጥሬው፣ ሌላ 400 በሊራ፣ በ12,000 ሒሳብ። በ2023 የካቲት 1,507.5 ተነቅላ በ15,000 ተተካች፤ ገበያው የዚያን ቀን 60,000 ገደማ ነበር። እርግጥ ትዕግሥት ያጡ አልጠፉም። በ2022 መስከረም አንዲት ሴት ለእህቷ የካንሰር ሕክምና ብላ የመጫወቻ ሽጉጥ ይዛ ባንክ ገባች፤ 13,000 ዶላር ገደማ፣ ከገዛ ቤተሰቧ ቁጠባ፣ ወስዳ ወጣች። የራስን ገንዘብ መዝረፍ የተባለው ወንጀል የተፈለሰፈው እዚያ ነው።

የሰማይ ላም ወተት ለኛም ደርሶናል። በ2020 ክረምት መግቢያ ዶላር ያጡ ማዳሞች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በመኪና እያመጡ ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለው ሄዱ፤ ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ ያልተከፈላቸው ነበሩ። ሌሎቹ ማዳሞች ግን ጨዋ ናቸው፣ ከፍለዋል። በኮንትራቱ 150 ዶላር ከተጻፈ በ1,507.5 ተባዝቶ 226,125 ሊራ በፖስታ ይሰጣታል። ሐምሌ ላይ ገበያው 8,000 ገደማ ነበርና ልጅቷ ለእናቷ ልላክ ብላ ስትመነዝረው 28 ዶላር ይሆናል። ከነጥብ አምስቷ የመጣችው 75 ሊራ ግን አልተነካችባትም።