ድጋፉ ወደ እናቲቱ ይሂድ

«ድጋፉ አለ፤ እናቶቹ ናቸው የማይመጡት።» ስለ ሕፃናት አመጋገብ ሲወራ ይህ አባባል ቶሎ ይነሳል። እኔ በጭራሽ አልቀበለውም። ለመምጣት ምን እንደምትከፍል እስቲ እንቁጠረው።

በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ወደ ሕክምና ስትሄድ የዚያን ቀን ገቢዋን ታጣለች። ትልልቆቹን ልጆች ለጎረቤት አደራ ትላለች። ለትራንስፖርት ካልበቃት ሕፃኑን አዝላ በእግሯ ትሄዳለች። ከዚያ ወረፋ አለ። ተራዋ ሲደርስ «መታወቂያሽስ?» ወይም «ዛሬ አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ልትባል ትችላለች። ይህች ሴት ባትመለስ ቸልተኛ ማለት ነውር ነው።

የልጁ ዕድገት ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት 1,000 ያህል ቀናት አንጎል በፍጥነት የሚገነባባቸው ናቸው። በዚህ ጊዜ የቀነጨረ ልጅ በኋላ ደህና ቢመገብም የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ማካካስ ይከብደዋል። በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ከሚሞቱ ሕፃናት ግማሽ በሚጠጉት ላይ የምግብ እጥረት እጁ አለበት። ተቅማጥ ወይም የሳንባ ምች ሲይዛቸው የተዳከመ ሰውነታቸው መቋቋም ያቅተዋል።

ሕክምናን ወደ ቤት ማምጣት እንደሚቻል ግን አይተናል። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ድሮ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፕላምፒ ነት የተባለው አልሚ ምግብ መጣ። ውሃ ማከል የለም፣ ማብሰል የለም፤ ከፓኬቱ በቀጥታ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ፣ የመብላት ፍላጎት ያለውና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ልጅ ቤቱ ሆኖ እንዲታከም በይፋ ደገፉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን የክንድ መለኪያው ነው። ባለቀለም ጥብጣብ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀዩ ላይ ያርፋል፤ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ይህን ለማየት ማንበብ መቻል አያስፈልግም። ኒጀር ውስጥ እናቶች ራሳቸው እንዲለኩ ሠልጥነው ነበር። እነሱ በለኩበት አካባቢ ችግሩ ቀደም ብሎ ታወቀ፤ ሆስፒታል መግባት ያስፈለጋቸው ልጆችም አነሱ። ታዲያ መለኪያው ለምን መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል?

ሌላም አለ። ለሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲሰጠው ይመከራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት የሚጠይቀው የወሊድ ፈቃድ ግን ቢያንስ 14 ሳምንት ነው። ቀሪዎቹን ወራት በምን ትሙላቸው? ያለ ቅጥር ውል የምትሠራዋ ያንንም አታገኝም። ለእሷ ምክር ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ ቤቷ ሆና እንድታጠባ የሚያስችላት ገንዘብ ያስፈልጋታል።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ ግን ነገ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ለማስከተብ ይመጣሉ። በዚያው ቀን ክንዱም ይለካ፣ አልሚ ምግቡም እዚያው ይሰጣት። መታወቂያ ከሌላት ስሟ ይመዝገብና ድጋፉን ይዛ ትሂድ። ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።