ኩባንያው ከጠፋ ዋስትናውም አብሮ ጠፍቷል

ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁት፣ ምናልባትም የተዘጋ ኩባንያ «ኤምኤስ-65» የሚል የጥራት ደረጃ ጽፎ በፕላስቲክ ያሸገው የድሮ ሳንቲም ለሽያጭ ስታዩ፣ እባካችሁ ለዚያ ቁጥር ምንም አትክፈሉ። ሳንቲሙን ከወደዳችሁት ግዙት። ዋጋውን ግን ማንም ደረጃ እንዳልሰጠው፣ እንዲሁ መዳፋችሁ ላይ እንደተቀመጠ አድርጋችሁ ተምኑት። ደጋግሜ የምናገረው ጀማሪዎች በዚህ ነገር ገንዘባቸውን ሲያጡ ማየት ስለሚያንገበግበኝ ነው። አንዴ የተበላ ጀማሪ ደግሞ ወደ ሳንቲም መሰብሰብ ብዙም አይመለስም።

ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት ከ1 እስከ 70 የሚሄድ መለኪያ አለ። መነሻው አሜሪካዊው የሳንቲም ተመራማሪ ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለድሮዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ሚዛን ነው። ተበልቶ ምስሉ የማይለየው 1 ያገኛል፣ እንከን የማይወጣለት 70። ከ60 ጀምሮ ያለው እጅ ለእጅ ያልዞረ ማለት ነው፣ «ኤምኤስ» የሚባለውም እሱ ነው። ኤኤንኤሲኤስ የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሳንቲም እውነተኛ መሆን አለመሆኑን እየመረመረ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። ከዚያ በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ኤንጂሲ የተባሉ ኩባንያዎች መጡና ሳንቲሙን መርምሮ፣ ደረጃ ሰጥቶ፣ «ስላብ» በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ማሸጉን ዋና ሥራ አደረጉት። ሥራው አዋጣ። ማዋጣቱ ሲታይ ሌላውም ተንጋጋ። ሃልማርክ፣ ኮምፒውግሬድ፣ ፒሲአይ፣ ሌሎችም ብዙ። ኮምፒውግሬድ እንዲያውም ደረጃውን በኮምፒውተር እሰጣለሁ ብሎ ነበር የመጣው። አንዳንዶቹ ጥቂት ዓመት ሠርተው ተዘጉ፣ አንዳንዶቹ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው በመጨረሻ ከሰሙ። ያሸጉት ፕላስቲክ ግን አልከሰመም፤ ዛሬም እየተሸጠ ነው።

ሰው የማይረዳው ነገር ይህ ነው። በስላብ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዋጋ የሚኖረው ከጀርባው የሚቆም ሰው ሲኖር ነው። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉት፣ አሽገው የሰጡት ሳንቲም ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ወይም ደረጃው ተጋኖ ከሆነ በራሳቸው ደንብ መሠረት ይክሳሉ። የምስክር ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ ሳንቲሙ በትክክል የተመዘገበ መሆኑን ታያላችሁ። በጠፋ ኩባንያ ስላብ ላይ ያለውን ቁጥር ግን የት ታስገቡታላችሁ? ማንን ትከሳላችሁ? ዋስ የሆነው ሰው ከሞተ ውሉ ወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው።

ደረጃ መስጠት ራሱ አስተያየት መሆኑንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፒሲጂኤስን ደረጃችን ወጥና ከግል ስሜት ነፃ ነው በሚሉት ማስታወቂያዎቹ የተነሳ ከሶት ነበር፤ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። እንግዲህ ትልቁና የታወቀው ኩባንያ እንኳ እንዲህ ከተባለ፣ ማን እንደሠራበት የማይታወቅ፣ ፈታሾቹ ሳንቲሞቹን ይሸጡ የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ይሁኑ አይሁኑ የማይታወቅ ቤት የጻፈውን ቁጥር በምን ሒሳብ ነው የምናምነው?

አንድ ደረጃ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1884 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታውን ሞርጋን ዶላር፣ ከብር የተሠራውን የድሮ የአሜሪካ ሳንቲም፣ ተመልከቱ። ወደ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ነው የተመታው፣ ብርቅ አይደለም። ያረጀውን ብዙ ሰብሳቢ ይችለዋል። ጭራሽ ያልተነካው ግን እጅግ ውድ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ወጥቶ እጅ ለእጅ ዞሯል። በ58 እና በ62 መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ሲታይ በሳንቲሙ ፊት ላይ ካለችው ሴት ጆሮ በላይ ባለው ፀጉር፣ በጉንጯ ላይና ከጀርባው ባለው ንስር ደረት ላይ ያለች ትንሽ መፋቅ ነች። በገንዘብ ሲታይ ግን ሰማይና ምድር ነው። እንግዲህ የሞተ ኩባንያ ስላብ ውስጥ «ኤምኤስ-62» የተባለ እንዲህ ያለ ሳንቲም ስታዩ፣ ያቺ መፋቅ መኖር አለመኖሯን የሚፈርደው የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ሻጩ ደግሞ የፒሲጂኤስን የዋጋ ዝርዝር አውጥቶ «ይኸው፣ ዋጋው ይህ ነው፣ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የጠየቅኩት» ይላችኋል። ያ ዝርዝር የተሠራው ፒሲጂኤስ ራሱ ደረጃ ለሰጣቸው ሳንቲሞች ነው። ለሌላ ቤት ቁጥር መጠቀሚያ ማድረግ ማታለል ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ደረጃው ይቅር፣ እውነተኛነቱስ? እ.ኤ.አ. በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታው ሞርጋን ዶላር 100,000 ብቻ ነው። በጣም ተፈላጊ ስለሆነ አጭበርባሪዎች በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ የተመታውን፣ የተመታበትን ቦታ የሚያሳይ ፊደል የሌለበትን፣ ይወስዱና ከጀርባው ከአበባ ጉንጉኑ ሥር የሳን ፍራንሲስኮን ምልክት «ኤስ» ፊደል ይለጥፉበታል። እውነተኛው የሚለይበት ምልክት አለው፤ ግንባሯ ላይ ባለው «ሊበርቲ» በሚለው ቃል ውስጥ የ«ቲ» ፊደል አናት ላይ ቀጭን ከፍ ያለች ሰያፍ መስመር ትታያለች። ይህችን በማጉያ መነጽር በፕላስቲኩ ውስጥም ማየት ይቻላል። ክብደቱን ግን አትችሉም። ሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም መመዘን አለበት፤ ስላብ ውስጥ ሲሆን ግን የፕላስቲኩን ክብደት ስለማታውቁ ሚዛን አይረዳችሁም፣ ጠርዙም በደንብ አይታይም። የሞተ ኩባንያ ስላብ ከራቁት ሳንቲም የሚብሰው እዚህ ላይ ነው፣ ዋስትና አይሰጥም፣ እናንተ ራሳችሁ እንዳትፈትሹም ይከለክላል።

«ታዲያ ሁሉም ቆሻሻ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ፒሲአይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አረንጓዴ ወረቀት ያደረገባቸው ሳንቲሞች በብዙ ሰብሳቢዎች ዘንድ ደህና ደረጃ የተሰጣቸው ናቸው ተብለው ይወደዳሉ፤ ስሙ ወደ ሌላ እጅ ካለፈ በኋላ ግን ያ ስም ተበላሸ። ስሙ ያው ሆኖ ሥራው ሌላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዛሬም በሕይወት ያለው የኤኤንኤሲኤስ የድሮዎቹ ትንንሽ ነጭ ስላቦች ደግሞ ጥብቅ ተብለው ስለሚታመኑ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍልባቸው ሞልቷል። ፕላስቲኩን ራሱን፣ እንደ ታሪክ ቁራጭ፣ የሚሰበስቡም አሉ። እነሱ የሚገዙትን ያውቃሉ፣ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ያልገባው ሰው ፕላስቲኩን እንደ ማስረጃ ሲገዛ ነው። ባዶ ስላብ ከነወረቀቱ አዝዞ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የፈለገውን ቁጥር አትሞ የሚያሽግ ሰውም እኮ አለ። እንዲህ ያለውን «የተዘጋ ኩባንያ» ነው ቢሏችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የወረቀቱን ቁጥር በጣታችሁ ሸፍኑና ሳንቲሙን ብቻ እዩ። ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ሳይሆን፣ ያንኑ የሚመስል ደረጃ ያልተሰጠው ሳንቲም በእርግጥ ከተሸጠበት ዋጋ ተነሱ። ከዚያ ላይ ደግሞ ወደ አንድ የታወቀ ኩባንያ ለመላክ የሚወጣውን ክፍያና የመላኪያ ወጪ ቀንሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከስላቡ አውጥታችሁ እንደ አዲስ ነው የምትልኩት። የተወለወለ ሳንቲም ከሆነ ቁጥር እንኳ አይሰጡትም፣ «ተጠርጓል» ብለው ይመልሱላችኋል፣ ያኔ ዋጋው ይወርዳል። ውልወላ በፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ ይደበቃል። ሳንቲሙን በብርሃን ሥር አገላብጦ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ። እምቢ ካለ ተዉት። ሌላ ሳንቲም አይጠፋም።

በጣም የሚያሳዝኑኝ ወራሾች ናቸው። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ገበያው በጦፈበት ጊዜ፣ በስልክ የሚደውል ሻጭ አሳምኖት እንዲህ ያሉ ስላቦች ገዝቶ ደረሰኙን ጭምር አስቀምጦ ያልፋል። ልጆቹ ደረሰኙን አይተው ሀብት ያገኙ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለ ሳጥን በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ ከመሸጣችሁም ከመሰባበራችሁም በፊት አንድ ሳይሆን ሁለት የማይተዋወቁ ነጋዴዎች ይዩት፤ ውስጡ በስህተት ዝቅ ተደርጎ የተተመነ ጥሩ ሳንቲምም ሊኖር ይችላል።

ለሻጮች የምለው አንድ ነገር ነው። የሽያጭ ማስታወቂያችሁ ላይ የሞተውን ኩባንያ ቁጥር ከርዕሱ አውጡ። የኢንተርኔት መሸጫው ኢቤይ ከታወቁት ጥቂት ኩባንያዎች ውጭ ያለውን «ደረጃ የተሰጠው» ብሎ መሸጥ አይፈቅድም፣ ሌሎቹም መሸጫ ቦታዎች ይህንኑ ማድረግ አለባቸው። ዓመቱን፣ የተመታበትን ቦታና የሚታየውን እንከን ጻፉ፣ ፕላስቲኩን በፎቶ አሳዩ፣ ገዢው ራሱ ይፍረድ።