ሮኪ ባልቦዋ ጓንቱን ሳያጠልቅ

እ.ኤ.አ. በ2006 ሲልቬስተር ስታሎን በ60 ዓመቱ ቦክሰኛውን ሮኪን ሆኖ ወደ ቡጢ መድረክ ሊመለስ ነው ሲባል ብዙዎች ስቀው ነበር። አይፈረድባቸውም። በ1990 የወጣው አምስተኛው ሮኪ ስሙን አጉድፎ የሄደ ፊልም ነው። ዛሬም አፍ ተሞልቶ የሚወራለት አራተኛውም ቢሆን፣ ሙዚቃው ከወጣለት፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት ፖስተር ብዙም አይሻል። ስድስተኛው ክፍል፣ «ሮኪ ባልቦዋ»፣ የመጣው ይህን ሁሉ ዕዳ ተሸክሞ ነው።

ሰሞኑን መልሼ አየሁት። አድናቂዎቹ አዘውትረው የሚያነሱት የላስ ቬጋሱን ፍልሚያ ነው፤ እኔ ግን ፍልሚያው ቢቀርስ እላለሁ። ሰውየው ጓንት ሳያጠልቅ የሚታይበት የፊልሙ መጀመሪያ ከ1976ቱ የመጀመሪያው ሮኪ ጎን መቆም የሚችል ነው።

የሮኪ ሚስት ኤድሪያን በካንሰር ሞታለች። ሮኪ በስሟ በከፈተው ምግብ ቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ከያኔው ሻምፒዮን ከአፖሎ ክሪድ ጋር የተፋለመበትን ታሪክ ለስንተኛ ጊዜ ለእንግዶቹ ይተርካል፣ አብሯቸው ፎቶግራፍ ይነሳል። ጓዳ ውስጥ ስፓይደር ሪኮ አለ፤ በመጀመሪያው ፊልም መክፈቻ ላይ ሮኪ ያሸነፈው ቦክሰኛ። ተዋናዩም ያው ፔድሮ ሎቬል ነው። በነጻ መብላቱ ከብዶት ሳህን ያጥባል፤ ሮኪ ተው ቢለውም አይሰማም።

በሙት ዓመቷ ሮኪ ወንድሟን ፖሊን አስከትሎ የፊላደልፊያን የድሮ ሠፈራቸውን ይዞራል። የመጀመሪያ ቀጠሯቸው የነበረበት የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ፈርሷል። ፖሊ ሲነጫነጭ ይቆይና ትዕግሥቱ ሲያልቅ የሆዱን ያወጣዋል፦ ሮኪ ደህና አድርጎ ይዟታል፣ እርሱ ግን በድሏታል። አንዱ የሚጽናናበት ትዝታ ሌላውን ይከስሰዋል። ፖሊን የሚጫወተው በርት ያንግ በዚህ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ያለው አይመስለኝም። መቃብሯ አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ ደግሞ ሮኪ ወንበር ያስቀምጣል፤ ሲመጣ አውርዶ ይቀመጥበታል።

ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ የሚመለስበት ሰበብ ይመጣል። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወጣቱን ሮኪ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከሜሰን ዲክሰን ጋር በኮምፒውተር ያጋጥማቸዋል፤ ሮኪ ያሸንፋል። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1970 የታየው የመሐመድ ዓሊና የሮኪ ማርሲያኖ ግጥሚያም ውጤቱ በኮምፒውተር የተሰላ ነበር። ጆርጅ ፎርማንም በ1994፣ በ45 ዓመቱ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። 60 ግን 60 ነው። ስታሎንም ይህን ያውቃል መሰለኝ፣ በሁለተኛው ዙር የዲክሰንን እጅ ይሰብርለታል፤ ይህ ማጭበርበር ነው። አሠልጣኙ ዱክ ግን አይዋሽም። ፍጥነቱም መገጣጠሚያውም አልቆ የቀረው የምቱ ክብደት ብቻ መሆኑን ፊት ለፊት ይነግረዋል።

ዲክሰን በተከፈለ የዳኞች ድምፅ ያሸንፋል፤ አፖሎ በ1976 እንዳሸነፈው። ስታሎን ሮኪ የሚያሸንፍበትን መጨረሻም ቀርጾ ነበር፣ ግን ተወው። በመጀመሪያው ፊልም ሮኪ ውጤቱን ትቶ ኤድሪያንን ይጣራ ነበር። አሁን የሚጣራት የለችም፤ ውጤቱ እስኪነበብም አይቆምም፣ ወርዶ ይሄዳል።

በ2015 በ«ክሪድ» የተመለሰው አሠልጣኝ ሆኖ ነው። ስታሎን ከመጀመሪያው ሮኪ ወዲህ በትወና ለኦስካር የታጨው በዚሁ፣ አንድም ዙር ባልተፋለመበት ፊልም ነው።