የሚደነቅ ጀልባ፣ የሚፋቅ ጀልባ

በጣሊያን ባሕር ዳርቻ የእንጨት ጀልባ የሚያደንቅ ሰው ሞልቷል። የጠፋው የሚፍቅ ነው።

ማስረጃ የፈለገ እሑድ ከሰዓት ቼዜናቲኮ ይሂድ። ከሪሚኒ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ አድሪያቲክ ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። መሐሏን አንድ ቦይ ሰንጥቆ ባሕር ይገባል። ቦዩ ላይ ብራጎዞ፣ ትራባኮሎ፣ ፓራንዛ የሚባሉ አሮጌ ባለሸራ ጀልባዎች ተሰልፈው ታስረዋል፤ የከተማዋ የባሕር ሙዚየም ናቸው። ሙቀቱ ሲገባ ሸራቸው ይሰቀላል፤ ቢጫው፣ ብርቱካናማው፣ የሸክላ ቀዩ ውሃው ላይ ይንቦገቦጋል። የትም ግን አይሄዱም። ሥራቸው መታየት ብቻ ነው። ገና ሲደርስ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ፣ የዮሴፍና የማርያም፣ የመላእክትና የዓሣ አጥማጆች ምስሎች ይሳፈሩባቸዋል። የማይጮኹ፣ የማያስመልሳቸው ተሳፋሪዎች። ጀልባዎቹ በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሰላም አግኝተው አያውቁም።

ቦዩንም ቢሆን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። እ.ኤ.አ. በ1502 ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለጦር መሪው ለቼዛሬ ቦርጃ ምሽግና ወደብ እየዞረ ሲያይ እዚህ ደርሶ ነበር፤ ወደቡንም በማስታወሻ ደብተሩ ነድፎታል። ለእሱ የመስክ ሥራ ነው፤ አበሉን ተቀብሎ ሄዷል። ለከተማዋ ግን ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም የሚበላ እንጀራ ሆነ። ዛሬ ከቦዩ ዳር ቁጭ ብሎ የተጠበሰ ዓሣ ያዘዘ ሰው ሒሳቡ ላይ የሊዮናርዶን ድርሻ ከፍሎ ነው የሚነሣው።

እኔ ግን ከጀልባዎቹ ይልቅ አድናቂዎቹን ማየት እወዳለሁ። እናት ልጆቿን ቦዩ ጠርዝ ላይ ታቆማለች። «ትንሽ ወደኋላ! አሁንም ትንሽ!» ትላለች፤ ሸራው ሙሉ እንዲገባላት። ልጆቹ ወደ ቦዩ ሊገቡ ምንም አልቀራቸው። አባት በበኩሉ ሁሉን ዐዋቂ ነው። ስለ ብራጎዞ ጠፍጣፋ ሆድ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ስለመሄዷ፣ ከሆዷ በታች ወርዶ እንዳትንሸራተት ስለሚይዛት ትልቅ መሪዋ ያብራራል፤ ይህ ሁሉ ልክ ነው፣ ጎኗ ከቆመው ሰሌዳ ላይ ነው ያነበበው። ሰሌዳው ሲያልቅበት ነው ችግሩ። ያን ጊዜ ስልኩን አውጥቶ የባሕር ኃይሉን ማሠልጠኛ መርከብ፣ አሜሪጎ ቬስፑቺን ያሳይና «ይኼም እንዲሁ እንጨት ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ ላይ ከብረት የተሠራ መርከብ ነው እንግዲህ። ሚስቱ ታምነዋለች። ወይም የምታምነው ትመስላለች፤ በትዳር ውስጥ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ከሁሉም የማይጠገቡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይቆማሉ። አንድ ሰው ጀልባውን አስጠግቶ ሊያስር ሲታገል «ገመዱን! ኧረ ገመዱን! በዚያ በኩል!» ይላሉ። አስሮ ሲጨርስ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ «በድሮ ጊዜ እንዲህ አይታሰርም ነበር» ይላል። በድሮ ጊዜ እሱ ፋርማሲ ውስጥ ነበር። ጓደኛው ፖስታ ቤት።

በድሮ ጊዜ ጀልባው ራሱ አፍ ነበረው። እያንዳንዱ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ሸራው ላይ የራሱ ቀለምና ምልክት ነበረው፤ አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ መስቀል፣ ሌላው ኮከብ። ሸራውን መሬት ላይ ዘርግተው በስፖንጅ የአፈር ቀለም ይቀቡትና በባሕር ውሃ ያነክሩታል። ጨርቁም እንዳይሻግት ይጠብቀዋል፣ ማን እየመጣ እንደሆነም ከሩቅ ያስታውቃል። ሰዎች ይኼን ሲነግሩን ምራቃቸውን እየዋጡ «ሚስቶቹ ባሎቻቸውን በሸራው ይለዩ ነበር» ይላሉ። ደስ ይላል። ግን እስቲ አስቡት፣ የሚለየው ሚስት ብቻ ነው? ጎረቤቱም ለይቷል። ዓሣ ነጋዴውም ለይቷል። ባለ ዱቤውም በሩን ቆልፎ ወደ ወደቡ ጉዞ ጀምሯል። ባልየው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ማምሸቱም፣ ባዶ እጁን መምጣቱም ሰፈር ውስጥ ተወርቶ አልቋል።

ያን ጊዜ ታዲያ ጀልባዋን ማንም ቆሞ አላደነቃትም። ትሸታለቻ! ሞተር ሲመጣ ብዙው ሰው ሸራውን ያለ አንዳች ለቅሶ ጥሎ ሄደ። አያት ጀርባው እስኪጎብጥ የቀዘፈባት ጎዞ የምትባል ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ዛሬ ሶሬንቶና ካፕሪ ላይ ነጭ ፍራሽ ተነጥፎባት፣ ፕሮሴኮ የሚባለው ወይን በበረዶ ተቀምጦባት በሰዓት ትከራያለች። አያት ቀና ብሎ ዋጋውን ቢያይ ኖሮ ዓሣውን ትቶ ገና ድሮ ፍራሽ ያነጥፍ ነበር።

አንድ ወዳጄ አለ፣ በላምፔዱዛ ደሴት በኩል በስደት የገባ። ቦዩ ዳር ማኪያቶ ስንጠጣ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ለጀልባዎቹ ይሰጣል። «ና እስቲ ፎቶ ላንሳህ» ስለው «እኔ ከእንጨት ጀልባ ጋር ሒሳብ ዘግቻለሁ» አለኝ። የእሱም የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነበረች፤ ሰማያዊና ነጭ፣ አፍንጫዋ ላይ ጌጥ የተሳለባት። «አምራ ነበር?» አልኩት። «አላየኋትም፣ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ» አለና ስኳር ጨመረ።

ወደ ፍቅፋቆው ልመለስ። ከሙዚየሙ ሌላ የራሳቸው የእንጨት ጀልባ ያላቸው፣ በጋ በጋ ሸራ ሰቅለው የሚወጡ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች ክረምት ላይ መጎብኘት ነው። የእንጨት ጀልባ ቤት ሲጠሩት የሚያኮርፍ፣ ሳይጠሩት የሚቀየም ዘመድ ነው፤ የብስ ላይ ስታቆየው ሳንቃው ይደርቅና ይከፈታል፣ ውሃ ውስጥ ስታቆየው ደግሞ እንጨት የሚበላ የባሕር ትል ይገባበታል። ስለዚህ ይወጣል፣ ይፋቃል፣ በሳንቃዎቹ መሐል ቃጫ በመዶሻ ይጠቀጠቃል፣ በቅጥራን ይደፈናል፣ ይቀባል። ውሃ ሲገባም እንጨቱ አብጦ ክፍተቱን እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ቀን ያፈሳል፤ ባለቤቱም ባልዲ ይዞ እያስታመመ ያድራል። ሥራውን የሚያውቁት የጀልባ አናጢዎች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ጥቂት መሆናቸውን ደግሞ ያውቃሉ፤ ዋጋቸው ላይ ይታያል።

ባለፈው የካቲት አንድ የማውቀው ባለ ጀልባ ወደቡ ጀርባ ጀልባውን ገልብጦ ሲፍቅ አገኘሁት። ክንዱ እስከ ትከሻው ድረስ በአሮጌ ቀለም ብናኝ ቀልቷል። ዙሪያውን አድናቂ ከቦታል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም አሉ። «እንዲህ ያለ ሥራ ድሮ ቀረ!» «ፋይበርግላስ እኮ ነፍስ የለውም!» «ይኼ ቅርስ መጥፋት የለበትም!» ይባላል። አንዷ ሴትዮ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ብናኙ ይሁን ስሜቱ አልለየሁም።

ሰውየው ቀና አለ። ሁላችንንም በየተራ አየን። ከዚያ ከሣጥኑ አራት መፋቂያና አንድ ጥቅል ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ ጀልባዋ ሆድ ላይ ደረደረልን።

ባለ ፋርማሲው ጉልበቱን ያዘ። ባለ ፖስታው ሚስቱ ምሳ ላይ እየጠበቀችው እንደሆነ ትዝ አለው። ሴትዮዋ አለርጂ አለባት። እኔ ደግሞ ባቡር ነበረብኝ።