ጥገኛው ገበሬው ብቻ ነው?

ስለ መንግሥት ድጋፍ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ገበሬው የመንግሥትን እጅ መጠበቅ ለምዷል፣ ከተሜው ግን ጥሮ ግሮ ያድራል» ይላል። እኔ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ፤ በዚህ በፍጹም አልስማማም።

ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ በገጠር የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ጉልበት ያለው ሰው ሳይሠራ አይከፈለውም። በሲዳማ ባለችው ቦሪቻ ወረዳ በኩል ብታልፉ ታዩታላችሁ፤ እናቶች ሳይቀሩ ድንጋይ ተሸክመው እርከን ይሠራሉ። ያውም ክፍያው አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚደርሳቸው። ይሄ ጥገኝነት ከተባለ ሥራ ምን ሊባል ነው?

ከተማውስ? እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ መንግሥት ነዳጅን ለሁሉም ይደጉም ነበር። ብዙ የቀዳ ብዙ ይደጎማል፤ የቤት መኪና ያለውም ጭምር። እሱን ግን ጥገኛ ያለው ሰው አልሰማሁም። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ሐዋሳና አዳማ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች ውስጥ ነበሩ። እኛ ሰፈር በማለዳ መንገድ ይጠርጉ የነበሩ እናቶች ከክፍያቸው ላይ ይቆጥቡ ነበር። አንዷ በዚያች ቁጠባ ምጣድ ገዝታ ዛሬ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ታስረክባለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገበሬው «ተመረቅህ»፣ ማለትም ራስህን ችለሃል፣ ተብሎ ከሴፍቲኔት ከወጣ በኋላ አንድ በልግ ዝናብ ቢጠፋ ተመልሶ እዚያው ችግር ውስጥ ነው። ጸሐፊው ስለዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።