ጠልሰም ላጥና ብዬ መከራዬን አየሁ

ጠልሰም፣ ማለትም ክታብ ላይ ለመጠበቂያ የሚሳለውን ሥዕልና ምልክት፣ ላጥና ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ከአንድ የብራና ክታብ ፎቶ ጋር ስታገል ከረምኩ። ግዕዙን በመዝገበ ቃላት እየተንፏቀቅኩም ቢሆን እገፋዋለሁ። አስማቱ፣ ማለትም ምስጢራዊ ስሞቹ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ! ጫፋቸው ላይ ትንንሽ ክብ ያላቸው ምልክቶችማ ከፊደላችን አንዱንም አይመስሉም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የሚያስረዳ ሰው ማጣቴ ነው። አንድ መሪጌታ ብጠይቅ «ምን ልታደርግበት ነው?» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ደግሞ ሁሉም «ሀብት የሚስብ ጠልሰም» ሻጭ ነው። ኧረ በፈጣሪ! እኔ የፈለግኩት የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት ማንበብ ነው። ሕፃናት ትገድላለች የምትባለውን ጋኔን፣ ውርዝልያን የሚያባርረውን።

ክታቡ ላይ የክታቡ ባለቤት የነበረችው ሴት ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ተፍቆ የሌላ ሴት ስም ገብቶበታል። ሁለቱም ለልጆቻቸው ፈርተው ይሆን? የሚነግረኝ አጣሁ።