ትኬቱ ይቃጠል፣ እናንተ ቤት ቅሩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ።

እንደ ኮቪድ ያለ ወረርሽኝ ባለበት ሰሞን መዝናኛ ፓርክ ለምን ሄዳችሁ አልልም። ልጅ ስንት ወር ቤት ተዘግቶበት ይቀመጣል? አዋቂውም ቢሆን መተንፈሻ ይፈልጋል። የሚያናድደኝ አካሄዳችሁ ነው።

የምትፈሩትን ነገር እንኳ በቅጡ አልለያችሁትም። ሮለር ኮስተር ላይ፣ ማለትም በሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፈው ጨዋታ ላይ፣ ስትወጡ መያዣውን በሳኒታይዘር ደጋግማችሁ ትወለውላላችሁ። ወልውሉ፣ ክፋት የለውም። ግን እዚያ ላይ የምትቆዩት ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ያውም ነፋስ ፊታችሁን እየገረፈው። እሱ ላይ ለመውጣት አንድ ሰዓት ወረፋ የያዛችሁበትን አዳራሽ ግን ማን አስተዋለው? ወረፋው እኮ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በገመድ ተከፋፍሎ እየተጠማዘዘ ይመላለሳል። ከፊታችሁ የነበረው ሰውዬ ትንሽ ቆይቶ በገመዱ ማዶ ፊት ለፊታችሁ ይመጣል። ያስነጥሳል። ያልፋል። ቀጣዩ ጥምዝ ላይ ደግሞ ያው ሰውዬ ይመጣል።

ኮቪድ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ስናወራ፣ ስንስቅና ስንስል የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ደግሞ ይጠራቀማሉ። ስለዚህ መሬት ላይ የተለጠፈው የርቀት ምልክት ላይ ቆማችሁ «እኔ ተጠንቅቄያለሁ» አትበሉ። ወረፋው ጣራ ስር የሚገባ ከሆነ ማስካችሁን አጥብቁ፤ ከተጨናነቀ ደግሞ ዝለሉትና ሜዳ ላይ ወዳለው ጨዋታ ሂዱ።

ማስክ ካልኩ አይቀር፣ አገጭ አይታመምም። አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ቫልቭ ያለው ማስክ የእናንተን ትንፋሽ ሳያጣራ ያወጣዋል፤ ለጎረቤት አይበጅም። ውሃ የሚረጭ ጨዋታ ላይ የምትወጡ ደግሞ ትርፍ ማስክ በፌስታል ያዙ። የራሰ ማስክ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አያገለግልምም። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ግን ማስክ አታድርጉለት፣ ያፍነዋል።

የጃፓን ፓርኮች በ2020 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲከፈቱ ጎብኚዎች እንዳይጮኹ ጠይቀው ነበር። ፉጂ-ኪው ሃይላንድ የሚባለው ፓርክማ ሁለት ኃላፊዎቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ማስክ አድርገው፣ ትንፍሽ ሳይሉ ሮለር ኮስተር ሲጋልቡ ቀርጾ ለቀቀ። መልእክቱም «በልባችሁ ጩኹ» የሚል ነበር። ዓለም ሳቀ። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም፤ የሚጮህ ሰው ዝም ብሎ ከሚተነፍሰው በጣም የበለጠ ጠብታ ያወጣል። እርግጥ ሮለር ኮስተር ላይ ዝም በል ማለት ለእኔም ይከብደኛል። ወረፋ ላይ ግን ምን የሚያስጮህ ነገር አለ?

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ስትበሉ ማስክ የለም፣ ስለዚህ ውጭ ብሉ። ሰው ሁሉ ሳይርበው ቀድማችሁ ብሉ።

አሁን ወደ ዋናው ቁጣዬ ልምጣ። ጉሮሮው እየከረከረው፣ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሮ፣ «ገንዘብ ተከፍሎበታል እኮ» ብሎ የሚመጣው ሰው! ይባስ ብሎ በር ላይ ሙቀት ይለካል ብሎ ፓራሲታሞል ውጦ ይመጣል። ለካኙን አታለልክ እንበል። ከኋላህ የቆሙትን አሮጊትስ? መለኪያው እንደሆነ ቀድሞውንም ብዙ ሰው ያመልጠዋል፤ በኮቪድ የተያዘ ሰው ምልክት ከማሳየቱ ከአንድ ሁለት ቀን በፊትም ሊያስተላልፍ ይችላልና። ምልክቱ የታየበት ሰው ታዲያ ምን ሰበብ አለው?

አንድ ሰው ምን ያመጣል የምትሉ ካላችሁ የሻንጋይ ዲዝኒላንድን አስታውሱ። ጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ ፓርኩን ጎብኝቶ የነበረ አንድ ሰው ቫይረሱ ተገኘበት። በሮቹ ተዘጉ። ውስጥ የነበረው ከ30,000 በላይ ሰው ሳይመረመር እንዳይወጣ ተደረገ። ከላይ ርችቱ ይተኮሳል፣ ከታች ነጭ መከላከያ ልብስ የለበሱ ባለሙያዎች አፍንጫ ውስጥ ናሙና መውሰጃ ይሰዳሉ። የዚያን ቀን የተመረመሩት ነፃ ሆነው ተገኙ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። ታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ላይ የተነሳው ኩፍኝ ከ100 በላይ ሰው ይዟል፣ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተሻግሯል። ከተያዙት ብዙዎቹ አልተከተቡም ነበር። የኩፍኝ ቫይረስ በሽተኛው ከሄደ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። እሱ ወጥቶ ሄዷል፤ የእናንተ ልጅ ግን አሁን ገባ። ክትባት ያላሟላ ልጅ ይዛችሁ ሕዝብ መሃል ከመግባታችሁ በፊት ካርዱን እዩት።

ስለዚህ ያመመው ይቅር። ትኬቱ ይቃጠል ካለም ይቃጠል። ብዙ ፓርኮች ግን በወረርሽኙ ጊዜ ቀን መቀየር ይፈቅዱ ነበር። ደውላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ አያስከፍልም። የምትሄዱትም ብትሆኑ የሥራ ቀን ምረጡ፣ በር ሲከፈት ግቡ፣ ሰው ሲበዛ ውጡ። ሦስት ቤተሰብ አንድ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ መስኮት ዘግቶ ሄዶ ፓርኩ ውስጥ መራራቅ ምን ይሉታል? መስኮቱን ክፈቱት።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ካመማችሁ ደግሞ አትደብቁ። ተመርመሩ፣ አብረዋችሁ ለነበሩትም በዚያው ዕለት ደውሉ። «ሰው ምን ይለኛል» ብላችሁ ሦስት ቀን ዝም ስትሉ፣ እነሱ አያታቸው ቤት ደርሰው ይመለሳሉ።